አንድ ቻርጀር ለምን አይበቃም? የባቱ ሒሳብ

ባለፈው የገና ሰሞን አዲስ አበባ በነበርኩበት ጊዜ ከአጎቴ ጋር ወደ ሐዋሳ ለመሄድ ተነሣን። አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሚነዷት አነስተኛ ቻይና ሠራሽ የኤሌክትሪክ መኪና ልጆቻቸው ከዱባይና ከሚኒሶታ አዋጥተው የገዙላቸው ናት፤ ባትሪዋ 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ሌሊቱን ግቢያቸው ውስጥ ቻርጅ ስትደረግ ስላደረች ስንነሣ ሙሉ ነበረች። በፍጥነት መንገዱ ወጥተን፣ ሞጆ ላይ ታጥፈን፣ መቂን አልፈን ባቱ ስንደርስ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘናል። ሰሌዳው ላይ የቀረው 28 በመቶ ነው። ከዚያ እስከ ሐዋሳ ደግሞ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል፤ 28 በመቶ ለዚህ አይበቃም።

አጎቴ አልተጨነቁም። ዓሣ ልንበላ ባሰብንበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ቻርጀር እንዳለ ከአንድ ወዳጃቸው ሰምተዋል። ቻርጀሩ በእርግጥም ነበረ። ዛፍ ጥላ ሥር ቆሟል፤ ስክሪኑ ግን ጨልሟል። የጥበቃ ሠራተኛው ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ጋሼ፣ እሱ ከተበላሸ ቆየ፤ የሚጠግነው ሰው ከአዲስ አበባ ይመጣል ተብሎ እየተጠበቀ ነው» አላቸው። የሆቴሉ ሰዎች ደጎች ነበሩና ከወጥ ቤቱ ሶኬት ገመድ ዘርግተው ሰጡን። አርባ ደቂቃ ያህል እንደ ቆየ መብራቱ ድርግም አለ። ለካ ወጥ ቤቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተጥዶ ኖሯል፤ መኪናዋና ምጣዱ አንድ ላይ ሲስቡ ቆጣሪው ጣለ። እንጀራ ጋጋሪዋ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ብቅ ብለው «አባባ፣ እንግዳ እየጠበቀ ነው፤ መኪናውን ትንሽ ቢያቆዩልኝ?» ሲሉ ለመኑ። ምጣዱ ቀደመ፤ መቅደምም ነበረበት። እኛም ባቱ አደርን።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ይህን ጉዳይ በሙያዬ ዐይን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ አዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ችግሩ ያን ያህል የከበደ አይደለም። ግቢ ያለው ሰው ማታ ሰክቶ ጠዋት ይነቅላል፤ ግቢ ለሌለውም ከተማው ውስጥ ጣቢያዎች እየተከፈቱ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም እንኳ በ2017 ዓ.ም. እጅግ ፈጣን የኃይል መሙያ ጣቢያ ከፍቶ ክፍያውን በቴሌብር መቀበል ጀምሯል። የፖሊሲው እውነተኛ ፈተና ያለው ባቱን በመሰሉ የመንገድ ዳር ከተሞች ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ሻሸመኔና ከዚያም ወደ ደቡብ የሚሄድ ሁሉ ያልፍባታል። እዚያ መኪና መሙላት ካልተቻለ አዲስ አበባ ያለችው መኪና የከተማ መኪና ብቻ ሆና ትቀራለች፤ ባቱና ሐዋሳ የሚኖረው ሰው ደግሞ ከናካቴው አይገዛትም።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያስታወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከሱር ታክስና ከኤክሳይዝ ታክስ ነጻ ተደርገው ነበር። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ሲጣል፣ ተበትነው መጥተው አገር ውስጥ የሚገጣጠሙት ያለ ቀረጥ እንዲገቡ ተፈቅዷል። አመክንዮው ግልጽ ነው። ነዳጅ የምንገዛው በየዓመቱ በቢሊዮን በሚቆጠር የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ኤሌክትሪክ ግን ከራሳችን ወንዞች እናመነጫለን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በዚህ አመክንዮ እስማማለሁ፤ ክልከላውንም በመርህ ደረጃ ከሚደግፉት ወገን ነኝ።

ሆኖም ክልከላና ማበረታቻ በኢኮኖሚክስ አንድ አይደሉም። የቀረጥ ማበረታቻ የኤሌክትሪክ መኪና የሚመቸውን ሰው ይጠራል፤ የማይመቸው በነዳጅ መኪናው ይቆያል፤ ባይጠቀምም አይጎዳም። ክልከላ ግን ሁለተኛውን ሰው አማራጭ ያሳጣዋል። አዲስ መኪና ቢፈልግ የኤሌክትሪክ መግዛት ይኖርበታል፤ መሙያ ከሌለው ደግሞ እየተወደደ የሚሄደውን ያገለገለ የነዳጅ መኪና ይገዛል። የጣቢያ አለመኖር ዋጋ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። ጣቢያ ያልተከተለው ክልከላ ከአዲስ አበባ ውጭ በሚኖረው ሰው ላይ የተጣለ፣ ማንም በአዋጅ ያልደነገገው ግብር ነው። መንግሥት ለመንገድ ዳር ከተሞች ጣቢያ ገንዘብ ቢያወጣ እንደ ችሮታ የማላየው ስለዚህ ነው፤ ራሱ የፈጠረው ዕዳ ነው።

ጥያቄው ገንዘቡ በምን ላይ ይውጣ የሚለው ነው። የተለመደው መልስ «ቻርጀር ይተከል» የሚል ነው። ይህ መልስ ስሕተት ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ምክንያቴን ከወጥ ቤቱ ልጀምር። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። 60 ኪሎዋት ፈጣን ቻርጀር ሲሠራ 17 ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ ተጣደ ነው። 120 ኪሎዋት የሆነው ደግሞ 34 ምጣድ ነው። በትንንሽ ከተሞቻችን ምሰሶ ላይ ተሰቅለው የምናያቸው ትራንስፎርመሮች ብዙዎቹ የ100፣ የ200 ወይም የ315 ኪሎ ቮልት አምፔር ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም አንድ ሰፈር፣ ጥቂት ሆቴሎች፣ ወፍጮ ቤትና ክሊኒክ ያስተዳድራሉ። 120 ኪሎዋት ቻርጀር በ200ው ትራንስፎርመር ላይ ቢሰቀል ከአቅሙ ግማሽ በላይ ብቻውን ይወስዳል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት አንድ መኪና ሲሰካ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ስለዚህ የጣቢያው ትልቁና አስቸጋሪው ክፍል ሣጥኑ አይደለም፤ ከ15 ወይም ከ33 ኪሎ ቮልት መስመር የራሱን ትራንስፎርመር ይዞ መምጣቱ ነው። ይህ ሥራ ደግሞ በግል ባለሀብት እጅ አይደለም። ገንዘብ ቢኖረውም የኤሌክትሪክ አገልግሎቱን ተራ ይጠብቃል፤ ትራንስፎርመሩ እስኪመጣ ከውጭ ያስገባው ቻርጀር መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣል።

ቀጥሎ የገንዘቡን ነገር እንመልከት። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል የመረጥኳቸው እኔ ስለሆንኩ አንባቢ የተሻለ የሚለውን ተክቶ ሊያሰላ ይችላል። ትራንስፎርመሩን ጨምሮ ጣቢያው 40 ሺህ ዶላር ፈጀ እንበል፤ 10 ዓመት ያገለግላል፤ የገንዘቡ ዋጋ፣ ማለትም ወለዱና ባለሀብቱ ለሥጋቱ የሚጠብቀው ትርፍ፣ በዓመት 15 በመቶ ነው። ይህን ለመመለስ በዓመት 8 ሺህ ዶላር ገደማ ያስፈልጋል። አንድ መኪና በአማካይ 25 ኪሎዋት ሰዓት ይሞላል ብንል፣ በቀን አራት መኪና ብቻ የሚመጣ ከሆነ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ከኤሌክትሪኩ ዋጋ በላይ 22 ሳንቲም ዶላር መጨመር ይኖርበታል። በቀን 20 መኪና ቢመጣ ግን ጭማሪው ከ4.5 ሳንቲም ያነሰ ይሆናል። በአራት መኪና የሚሠራ ጣቢያ በዚህ ዋጋ ከጠየቀ ሾፌሩ ይሸሻል፤ ካልጠየቀ ጣቢያው ይዘጋል። ሃያው መኪና እስኪመጣ ባሉት ዓመታት ጣቢያውን ማን ይሸከመው? የጉዳዩ ቋጠሮ ይህ ነው።

እኔ በምኖርባት ኖርዌይ ይኸው ጣቢያ በ6 በመቶ ገንዘብ ቢሠራ፣ በዚያው በቀን አራት መኪና ጭማሪው 15 ሳንቲም ይሆን ነበር። መሣሪያው አንድ፣ ደንበኛው አንድ፣ ልዩነቱ የገንዘብ ዋጋ ብቻ ነው። ኖርዌይን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኤሌክትሪኳ እንደ እኛው በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት አዲስ መኪኖቿም ከ10ሩ 9 ያህሉ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ነበሩ። የነዳጅ መኪና ግን አልከለከለችም፤ በግብር አስወደደችው እንጂ። ዋና ዋና መንገዶቿ ላይ በየ50 ኪሎ ሜትሩ ፈጣን ጣቢያ እንዲኖር ኤኖቫ የተባለው የመንግሥት ተቋም በውድድር ድጋፍ ሲሰጥ፣ በአንድ ቦታ ከሁለት ያላነሰ ፈጣን ቻርጀር እንዲተከል ግዴታ አስገብቷል። በሰሜኑ ጫፍ በፊንማርክ ግን ድጋፉ እያለም ተወዳዳሪ ስለ ጠፋ የተለየ ዘዴ መፈለግ ግድ ሆነ። በሀብታም አገር እንኳ ሰው በሳሳበት መንገድ ላይ ገበያው ብቻውን አይደርስም። «ክልከላው መኪናውን ያመጣል፤ መኪናው ጣቢያውን ያመጣል» የሚሉ ወዳጆቼ ይህን ቢያጤኑት ደስ ይለኛል።

«ከሁለት ያላነሰ» የሚለው ግዴታ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚያ ላይ ነውና።

ቻርጀር ይበላሻል። የእኛ አገር ብቻ ችግር አድርገን እንዳናየው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባሉ ሕዝባዊ ፈጣን ጣቢያዎች 657 መሰኪያዎችን አንድ በአንድ የፈተሹ ተመራማሪዎች የሚሠሩት 72.5 በመቶ ብቻ ሆነው አግኝተዋል። በቴክኖሎጂው መናገሻ ማለት ነው። እንግዲህ ባቱ ላይ አንድ ቻርጀር ከመቶ ሰባው ጊዜ ይሠራል እንበል፤ መብራትም ከመቶ ሰማንያ አምስቱ ጊዜ አለ እንበል። ሾፌሩ ደርሶ የመሙላት ዕድሉ 60 በመቶ ነው። ከቤተሰቡ ጋር በመንገድ ላይ ያለ ሰው በ60 በመቶ ተስፋ አይነሣም። ስለዚህ ያ ቻርጀር ስድሳ በመቶ ጥቅም ሰጠ ማለት አይደለም፤ ማንም ስለማይተማመንበት የሚሰጠው ጥቅም ለዜሮ የቀረበ ነው። ሁለተኛ ቻርጀር ሲጨመር፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የመበላሸታቸው ዕድል 9 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ የመሙላት ዕድሉ ወደ 77 ከፍ ይላል። ሦስተኛው ግን ወደ 83 ብቻ ነው የሚያደርሰው፤ ከዚያ በኋላ አሳሪው መስመሩ ነውና። ከዚህ የምወስደው ነገር ሁለት ነው። ገንዘባችን ለ20 ከተሞች አንድ አንድ ቻርጀር የሚያዳርስ ከሆነ፣ 10 ከተሞች ሁለት ሁለት ቢያገኙ ይሻላል፤ ምንም እንኳ ለፖለቲከኛ ሪባን የሚቆረጥበት ቦታ በግማሽ ቢቀንስም። ከሁለተኛው በኋላ ደግሞ ቀጣዩ ብር ለቻርጀር ሳይሆን ለመስመሩ መዋል አለበት።

አሜሪካ ይህን ዘግይታ ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለጣቢያዎች 5 ቢሊዮን ዶላር ስትመድብ፣ በዋና መንገዶች ላይ በየ80 ኪሎ ሜትሩ አራት አራት መሰኪያ ከመጠየቅ አልፋ እያንዳንዱ መሰኪያ 97 በመቶውን ጊዜ መሥራት እንዳለበት በደንብ አስገድዳለች። አፈጻጸሙ አዝጋሚ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የሐሳቡ አቅጣጫ ግን ትክክል ነው፤ የሚገዛው ዕቃው ሳይሆን አገልግሎቱ ነው።

ስለዚህ ለባቱ ምን ይደረግ? በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው እርምጃ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። እዚያ ሆቴል የሚቆም ሰው ዓሣው ተጠብሶ እስኪመጣ፣ በልቶ ቡና እስኪጠጣ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። 7 ኪሎዋት የሆነ ግድግዳ ላይ የሚገጠም ቻርጀር በሁለት ሰዓት 14 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ለአጎቴ መኪና ሐዋሳ ለመግባት የጎደላት ይኸው ያህል ነበር። 7 ኪሎዋት ማለት ሁለት ምጣድ ነው። ዋጋው በመቶዎች ዶላር የሚቆጠር ሲሆን የሚበላሽ ነገሩም ጥቂት ነው። የጎደለው ለሆቴሉ የተለየ መስመርና ቆጣሪ፣ እንዲሁም «ኤሌክትሪክ ያለ ፈቃድ ሸጥክ» ተብሎ እንደማይጠየቅ የሚያረጋግጥ ቀላል ፈቃድ ነው። (22 ኪሎዋት የሚል ጽሑፍ ያለበትን በውድ የሚገዙ ሆቴሎች አሉ። አብዛኞቹ አነስተኛ መኪኖች ከተራ ግድግዳ ቻርጀር ከ7 ኪሎዋት በላይ መቀበል ስለማይችሉ ትርፉ ገንዘብ የወጣበት ጽሑፍ ብቻ ነው።) አምስት ሆቴሎች ሁለት ሁለት ቢያስገጥሙ ባቱ አሥር መሰኪያ ይኖራታል ማለት ነው። አንዱ ቢበላሽ ሰው ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

ይህ ግን ለሚኒባስ፣ ለሚቸኩል ተጓዥ፣ በተለይም ለመልስ ጉዞ አይበቃም። ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከእሷ 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ሲወርድ የቆጠበ ባትሪ ሲወጣ ይከፍላል፤ ለአነስተኛ መኪና አቀበቱ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል። ሰዎች መንገድ ላይ የሚቀሩት ብዙ ጊዜ ሲመለሱ ነው፤ ያውም እሑድ ማታ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲመለስ። ስለዚህ የራሳቸው ትራንስፎርመር ያላቸው ሁለት ፈጣን ቻርጀሮች ያስፈልጋሉ። መንግሥት ገንዘቡን ማዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። ትራንስፎርመሩንና መስመሩን የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ በራሱ ወጪ ቀድሞ ይዘርጋ። ጣቢያውን የሚያቆመው የግል ድርጅት በጨረታ ይለይ። ለዕቃ ግዥ አንዲት ሳንቲም አይሰጠው፤ ቻርጀሮቹ በትክክል ለሠሩበት ሰዓት ግን በየወሩ ይከፈለው፤ ገበያው እየደራ ሲሄድም ክፍያው እየቀነሰ ይሂድ። በላይ ባስቀመጥኩት ምሳሌ ጣቢያው በቀን 10 መኪና ቢያገኝ 8.7 ሳንቲም ጭማሪ ይበቃዋል። ይህን ዋጋ እያስከፈለ አራት መኪና ብቻ ቢመጣ የሚጎድለው በዓመት ከ4,800 ዶላር አይበልጥም። ለ30 የመንገድ ዳር ከተሞች 144 ሺህ ዶላር መሆኑ ነው። ለነዳጅ ከምናወጣው ቢሊዮን ጋር ሲነጻጸር ይህ ገንዘብ እንኳን ሊከብድ አይታይም። ምንጩም ሩቅ አይደለም፤ 20 ሺህ ዶላር የምትገመት ተገጣጥማ የመጣች የኤሌክትሪክ መኪና 3 ሺህ ዶላር ቀረጥ ትከፍላለች። የሁለት መኪና ቀረጥ የአንድ ከተማን የዓመት ጉድለት ይሸፍናል፤ ይተርፋልም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ላልፈው አልፈልግም። ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ቤቱ መብራት የለውም። መስመር ገና ያልደረሰበት ገበሬ እያለ ለባለ መኪና ትራንስፎርመር መትከል ምን ዓይነት ፍትሕ ነው? ተቃውሞው ልክ ነው፤ ምላሼም ከፊል ብቻ ነው። ለጣቢያው የሚተከለው ትራንስፎርመር ሥራ በሚፈታበት ሰዓት ለሰፈሩ እንዲተርፍ ተደርጎ መነደፍ ይችላል። ባቱ ላይ ደግሞ የዕለት ተዕለቱ ደንበኛ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገደኛ ሳይሆን ባጃጁ ነው። ባጃጆቹ በማኅበር የተደራጁ ናቸው፤ ወደ ኤሌክትሪክ ቢዞሩ ማታ ጭነቱ በሚቀልበት ሰዓት ተራ በተራ ሊሞሉ ይችላሉ። ለጣቢያው የማይዋዥቅ ገቢ የሚሰጡት እነሱ ናቸው፤ ተጓዡ ቅዳሜና እሑድ፣ ለእንቁጣጣሽና ለገብርኤል ንግሥ ብቻ ነው የሚግተለተለው። ይህ ሁሉ ሆኖ ከዋናው መንገድ የራቀች ከተማ ፈጣን ጣቢያ በመንግሥት ገንዘብ ይሠራላት ቢባል እቃወማለሁ። ለመቂም ቢሆን እቃወማለሁ፤ መቂዎች ይቅር ይበሉኝ፤ ከባቱ 30 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይርቅ ቦታ ሌላ ጣቢያ መደገፍ የሁለቱንም ደንበኛ መክፈል ነው። የሆቴል ግድግዳ ላይ የሚገጠመው ለእሷም ይበቃታል።

ወደ እኛ ልመለስ። ስለዚህ ጉዳይ ከተነሣ ወዲህ ከሪያድም ከዋሽንግተንም የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ለትውልድ ከተማዬ ቻርጀር ገዝቼ ብልክስ?» የሚል። ሐሳቡን አከብራለሁ፤ ግን እባካችሁ አትላኩ። በመጀመሪያ መሰኪያው አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉት መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ በየመንገዱ የምናያት የፎልክስቫገን አይዲ 6 ከቻይና ውጭ በይፋ ተሽጣ አታውቅም። እነዚህ የሚሰኩት በቻይናው ደረጃ በጂቢ/ቲ ነው። ከጀርመን ገዝታችሁ የምትልኩት ፈጣን ቻርጀር ደግሞ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ነው፤ አይገጥሙም። በባሕረ ሰላጤው በኩል የሚመጡት መኪኖች ግማሹ አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ይዘው ስለሚገቡ ጣቢያው የሁለቱም ገመድ ሊኖረው ይገባል። አስማሚ መሣሪያ አለ፤ በከፍተኛ ኃይል ላይ ግን እኔ ለአጎቴ አልመክርም።

ሁለተኛው ነገር ምንዛሪው ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ 100ን አልፏል። የጣቢያ ገቢ በብር፣ መለዋወጫው በዶላር ነው። ስለዚህ ቻርጀር የሚሞተው ትልቁ አካሉ ስለ ተቃጠለ ላይሆን ይችላል፤ የተቆረጠ ገመድ፣ የተሰበረ መሰኪያ፣ የጠፋ ስክሪን፣ ክፍያ የሚያስተላልፍ ሲም ካርድ በቂ ነው። እነዚህን ለመተካት የሚያስፈልገው ትንሽ ዶላርና አንድ የሠለጠነ ሰው ነው፤ ሁለቱም ግን ባቱ ላይ አይገኙም። የዳያስፖራው ገንዘብና ዕውቀት ትልቁን ፍሬ የሚያፈራው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ከሞጆ እስከ ሐዋሳ ባለው መስመር ያሉትን ቻርጀሮች ሁሉ፣ የማንም ይሁኑ የማን፣ በውል የሚጠግን፣ መለዋወጫ በዶላር ገዝቶ ሻሸመኔ ወይም ሐዋሳ የሚያከማች፣ ከአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የወጡ ወጣቶችን ቀጥሮ በሞተር ብስክሌት የሚልክ አንድ የጥገና ኩባንያ ማቋቋም ይቻላል። ሪባን የሚቆረጥበት ሥራ አይደለም፤ ስማችን የሚጻፍበት ግድግዳም የለውም። መንግሥት ለሠራ ሰዓት መክፈል ከጀመረ ግን ደንበኛ አያጣም፤ እያንዳንዱ ባለ ጣቢያ ቻርጀሩ በቆመ ቁጥር ገንዘብ ይቀርበታልና።

የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ይህ ለባለ መኪናው መጥፎ ዜና ቢመስልም በእኔ ሚዛን አይደለም። ከዋጋው በታች እየሸጠ የከሰረ አገልግሎት ለባቱ ትራንስፎርመር ሊገዛ አይችልም።

አጎቴ መኪናዋን አልሸጡም። አዲስ አበባ ውስጥ ይነዷታል፤ እስከ አዳማም ይሄዱባታል። ሐዋሳ ሲሄዱ ግን በሚኒባስ ነው። ለፋሲካ ደውዬ ሳነጋግራቸው ሚኒባሱ ለምሳ እዚያው ሆቴል ደጃፍ ቆሞ እንደ ነበር ነገሩኝ። ወርደው ቻርጀሩን አይተውታል፤ ስክሪኑ በርቷል። «ታዲያ ይሠራል?» አልኳቸው። «እንጃ ልጄ፤ የሚሰካ መኪና ስላልነበረ ማወቅ አልቻልኩም» አሉኝ።